ከሻሹ ሥር የተጠቀለለው ገመድ

ሰው ያልሰማውን ጥያቄ መልሷል ይባላል?

ላይ ላዩን ሲያዩት ብዙ የሚያከራክር አይመስልም። ቦንጋ ውስጥ ግን ባለፈው ክረምት አንድ አባት፣ አንዲት እናትና አንድ ሐጂ ይህንኑ ጥያቄ ሲያገላብጡ አምሽተው፣ ሦስቱም የየራሳቸውን መልስ ይዘው ተነሥተዋል። ነገሩ በራሷ ላይ የወደቀባት ልጅ መልስ ደግሞ ከሦስቱም የተለየ ነበር። ተራኪው እስካሁን የማን ልክ እንደሆነ አልቆረጠለትም። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ፣ ከተወሳሰበው ገመድ እንጀምረው።

የጋሽ አብዱልጀባር ሱቅ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት ፊት ለፊት ነው። በግራ በኩል ጨርቅ፣ በቀኝ በኩል የስልክ ዕቃ ይሸጥበታል። ጨርቁ የአባት ነው፤ የስልኩ ዕቃ የልጃቸው የኸይሪያ። ጋሽ አብዱልጀባር ከስልጤ አገር በጎረምሳነታቸው ወጥተው ቦንጋ ላይ የሸበቱ ነጋዴ ናቸው። ሀብታም አይባሉም፤ ቃላቸው ግን ከማኅተም ይበልጣል ይባልላቸዋል። ኸይሪያ ይህን እያወቀች ያደገች ልጅ ናት። ከአባቷ ቃል ጋር የሚያጋጫት ነገር በመንገዷ እንዳይመጣ ትለምን ነበር።

መጣ እንጂ። ዝናብ ሸሽቶ የገባ ረዥም፣ ቀጭን ወጣት ሆኖ መጣ።

"ኢርፎን አለሽ? ባለ ገመዱ።"

"ሰው ሁሉ ብሉቱዝ ሲል አንተ ገመድ?"

"ብሉቱዙ መብራት በጠፋ ቁጥር ይሞትብኛል። ገመዱ ግን ከእኔ ጋር ይኖራል።"

ኸይሪያ ከባንኮኒው ሥር ያለውን ሳፋ ጎትታ አንዱን ብትስበው፣ ሌሎቹ እንደ ጫካ ሐረግ ተያይዘው ወጡ።

"አንድ ነው የጠየቅኩሽ፤ አንቺ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ጠርተሽ መጣሽ" አላት።

"ቦንጋ ውስጥ ብቻውን የሚመጣ ማን አለ? ይልቅ ጫፉን ያዝልኝ!"

ጫፉን ያዘላት። ገመዱን ሲፈቱ ጣቶቻቸው አንዴ ተነካኩ፤ ሁለቱም ምንም እንዳልሆነ ሰው ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ።

ሰሚር ይባላል። የሺሺንዳው ልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ አባቱ ሞተዋል፤ እናቱ እዚያው ሺሺንዳ አሉ። በነፃ የትምህርት ዕድል ቱርክ፣ ቡርሳ ከተማ ሄዶ ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ከተመለሰ ብዙም አልቆየም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በኮንትራት ያስተምራል።

"ይሄማ መላ አለው" ብሎ ጎን ወዳለው ጎሚስታ ሮጠ። ድምፁ እስከ ሱቁ ይሰማል።

"ጋሽ ከፈለኝ፣ የማይረባ የባጃጅ የውስጥ ጎማ አለዎት?"

"ለምንህ ነው? ውጭ አገር የተማረ ሰው ጎማ መብላት ጀመረ እንዴ?"

ቁራሽ ጎማ ይዞ ተመለሰ። ጣት የምታክል ቁራጭ በመቀስ ቆረጠና ሁለቱን ጫፎች በጥቂቱ ሰነጠቃቸው። ከአባቱ የተረፈው የስፌት ዕቃ ያለበትን ቆርቆሮ ቦርሳው ውስጥ ይዞ ይዞር ነበርና ከዚያ ውስጥ ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚገጥም ቁልፍ አውጥቶ መታበት። ቀጥሎ ገመዱን በሁለት ጣቶቹ ላይ ጠመጠመ፣ ወገቡን በጎማው አቀፈ፣ ጫፎቹን በስንጥቆቹ አሾለከ። ጠቅ!

"ይኸው። ዋጋው ባዶ፣ ዕድሜው ረዥም።"

"ይህን ለመማር ነው ቱርክ ድረስ የሄድከው?"

"ቱርክ የተማርኩትን እዚህ የሚፈልገው ስላጣሁ ነው ጎማ የምቆርጠው" ብሎ ሳቀ። የሳቀው አፉ ነው፤ ዓይኑ አልሳቀም። ኸይሪያ ያን ዓይን አየችው። ባታየው ይሻላት ነበር። ማታ ሱቁን ስትዘጋ ሳፋው ውስጥ ያሉት ገመዶች ሁሉ በሥርዓት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ ጫፉ የጠፋው የእሷ ልብ ብቻ ነበር።

*

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። "የኸይሪያ መጠቅለያ" በተማሪዎቹ ዘንድ ስም አወጣ። ሰሚር ጎማውን ይቆርጣል፣ ኸይሪያ ቁልፉን ትመታለች። በመዶሻው ድምፅ መሐል ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ ወዲያው ያቀረቅራሉ። ጋሽ አብዱልጀባር ጨርቃቸውን እየለኩ አንድ ቀን፣

"ኸይሪያ፣ ያ ልጅ ስንት ጆሮ ነው ያለው?" አሉ።

"ምነው አባባ?"

"ሰሞኑን የገዛው ኢርፎን ለአንድ ክፍል ተማሪ ይበቃላ!"

ሰሚር መጻፍ አይወድም። ደብዳቤው ድምፁ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ሆኖ ረዣዥም ቮይስ ይልክላታል፤ ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ ቡርሳ በረዶ፣ እዚህ ሆኖ እዚያን፣ እዚያ ሆኖ ይህን ስለሚናፍቅ ልቡ። ኸይሪያ ያን ድምፅ እስክትሰማ ትቸኩላለች። ግን የት ትስማው? አባቷ ባንኮኒ ላይ ኢርፎን ማድረግን አጥብቀው ይጠላሉ። "ጆሮውን የደፈነ ነጋዴ ገበያውን ደፈነ" ይላሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ እናቷ ወይዘሮ ሙስሊማ አሉ። ገመድ ከሻሿ ሥር ሲወርድ ካዩ "ከማን ጋር ነው?" ማለታቸው አይቀርም።

ሰሚር ለዚህም መላ አመጣ። ከመጀመሪያዎቹ በጣም ያነሰች፣ ስስ መጠቅለያ ሠራላት።

"ገመዱን በሻሽሽ ሥር በማጅራትሽ በኩል አዙሪው። ትርፉን እዚህች ላይ ጠቅልለሽ በመርፌ ቁልፍ ከውስጥ ያዢያት። የቀረው በቀሚስሽ ውስጥ ወደ ኪስሽ ይወርዳል። በፊትሽ በኩል የሚንጠለጠል ነገር አይኖርም።"

"ማንም አያይም?"

"እኔ የሠራሁት ራሴ አላየውም።"

መስታወት ፊት ቆማ ሞከረችው። እውነቱን ነው፤ ምንም አይታይም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቅ ስታጥፍ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት መደርደሪያ ስታጸዳ፣ ሰሚር ማጅራቷ ላይ ተጠቅልሎ ያወራት ጀመር። እናቷ "ይህች ልጅ ብቻዋን ምን ያስቃታል?" ሲሉ ትሰማለች፤ ደስታዋም ፍርሃቷም አብረው ያድጋሉ።

ችግሩ ሰሚር ሁሉን ይናገራል፣ አንዱን ነገር ብቻ አይናገርም። ሽማግሌ እልካለሁ አይልም።

"የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ኮንትራቱ በየዓመቱ የሚለመን! አባትሽ ምን ይሉኛል?"

"አባባ የሚሉትን አባባ ይበሉ። አንተ ብቻ ላክ።"

"ሻንጣዬን እኮ ገና አልፈታሁም ኸይሪ። ለመሄድ ይሁን ለመቅረት አላውቅም፤ እዚያው አልጋዬ ሥር አለ።"

ይህ ሲሆን ከዋጫ ሽማግሌዎች መጡ። አብዱልሃኪም ለሚባል የቡና ነጋዴ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። ቀጥ ብሎ የሚናገር፣ በሽማግሌዎቹ አፍ "ልጅቱ ካልወደደችኝ አልቀየምም" ብሎ የላከ ሰው ነው።

በእነ ጋሽ አብዱልጀባር ወገን ደግሞ አንድ ልማድ አለ። አባት ልጁን ስለ ጋብቻ ፊት ለፊት አይጠይቅም፤ ያፍራል፣ እሷም ታፍራለች። የአባት ታላቅ ወንድም ሁለት ምስክር ይዞ ከመጋረጃ ወዲያ ይቆምና ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ያልፈለገች ልጅ "አይሆንም" ትላለች፤ ማንም አያስገድዳትም። የፈለገች ግን አፏን ሞልታ እሺ አትልም። ዝም ትላለች። ዝምታዋ እሺታዋ ነው። ካለቀሰች ደግሞ ከአባቷ ቤት መለየት ከበዳት ተብሎ ይመረቃል።

ኸይሪያ ለሰሚር ጻፈችለት። "በዚህ ሳምንት ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?"

"አስቤ በቮይስ እመልስልሻለሁ" አላት።

አሰበ። አሁንም አሰበ። እሷ በየደቂቃው ስልኳን እያየች፣ የሰው ሐሳብ እንዲህ ረዥም መሆኑን ያን ሳምንት ተማረች።

*

አርብ ከጁምዓ በኋላ የእነ ኸይሪያ ግቢ በእንግዳ ሞላ። ሐጂ ሰላሐዲን፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ ከተሲያቱ የአስር ሰላት በኋላ እንደሚጠይቋት እናቷ ነግረዋታል። ኸይሪያ ውስጠኛው ክፍል ገብታ ጊዜ አለኝ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የሰሚር ቮይስ! ከላከላቸው ሁሉ ይረዝማል። መጠቅለያዋ ከማለዳ ጀምሮ ማጅራቷ ላይ ነበረች። ሁለቱንም ጆሮዎቿን ሞላችና ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ አንድ ቃል እንዳያመልጣት።

"ኸይሪ... ከየት እንደምጀምር አላውቅም" አለ ሰሚር። "እዚያ ሳለሁ አንድ ሌሊት በረዶ ሲወርድ መስኮቱ ላይ ቆሜ፣ አገሬ ብገባ ይህ ልቤን የሚበላኝ ነገር ይተወኛል ብዬ ነበር። ገባሁ። አልተወኝም። አንቺ አጠገብ ስቀመጥ ይተወኛል። ስነሣ ይመለሳል..."

ጨርሰው፣ አለች በልቧ። ሽማግሌ እልካለሁ በል። አንድ ቃል።

"...ሰው ራሱን ሳያውቅ ሌላ ሰው ወዴት ይወስዳል? አባትሽ ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ? የማልመልሰውን ጥያቄ እፈራለሁ..."

እንባዋ መጣ። አቀረቀረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

ሰላት እስኪደርስ መጠበቅ ያልፈለጉት የዋጫ ሰዎች መንገድ እንዳይመሽባቸው ጠይቀው ኖሮ፣ ሐጂ ሰላሐዲን ቀደም ብለው መጥተው ነበር። ሁለቱን ምስክሮች ይዘው ከመጋረጃው ወዲያ ቆሙ።

"ኸይሪያ፣ ልጄ፣ አብዱልሃኪም ለትዳር ጠይቆሻል። ለኒካሁ ወኪል እንድሆንሽ ትፈቅጃለሽ?"

ኸይሪያ የቡርሳን በረዶ ትሰማለች።

ሐጂ ደገሙ። እናቷ መጋረጃውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩ። ሴት ልጃቸው ጀርባዋን ሰጥታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ተቀምጣለች። ገመድ የሚባል ነገር አይታይም።

"ታለቅሳለች ሐጂ" አሉ ወይዘሮ ሙስሊማ፣ የራሳቸው ድምፅ እየተቆረጠ።

ሦስተኛውን ጠየቁ። ጠበቁ።

"አልሐምዱሊላህ። ዝምታዋ ይበቃናል።"

እልልታው ግድግዳውን ሲነቀንቀው ኸይሪያ ዘወር አለች። ከመጋረጃው ሥር የሚርቁ የወንዶች እግሮች አየች። ወዲያው የእናቷ እቅፍ ውስጥ ገባች። ከግቢው የቃል ማሰሪያው የፋቲሃ ጸሎት ድምፅ ተነሥቷል። ወይዘሮ ሙስሊማ ግራ ጉንጯን፣ ቀኝ ጉንጯን ይስሟታል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ኸይሪያ ግን የሚሉትን አትሰማም። ሰሚር አሁንም እያወራ ነበር።

የቮይሱን መጨረሻ የሰማችው እንግዳው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው። "ትንሽ ጊዜ ስጪኝ" ይላል። "ብቻ አደራሽን ኸይሪ፣ እሺ እንዳትዪያቸው።"

ሳቅ መጣባት። እናቷ ከሳሎን ሰምተው "ደስታ ነው" አሉ።

*

በማግስቱ የዩኒቨርሲቲው ግቢ መዳረሻ ላይ ባለች የቆርቆሮ መጠለያ ሥር ተገናኙ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው፤ ለመሰማማት መጠጋት ነበረባቸው፤ ለመጠጋት ደግሞ ሁለቱም አልቻሉም።

"እሺ አልሽ?" አላት።

"ምንም አላልኩም።"

"እሱማ ነው ነገሩ! ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተን እየሰማሁ።"

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እጁን አፉ ላይ ጫነ።

"መጠቅለያህ ጥሩ ናት ሰሚር። እናቴ መጋረጃ ገልጣ አይታኝ ገመዱን አላየችውም።"

"አልሰማሁም በያቸዋ! አንድ ቃል ናት።"

"እሺ፣ አልሰማሁም አልኩ። 'ምን እየሰማሽ ነበር?' ቢሉኝስ? የማን ድምፅ ነው ልበላቸው?"

ጫማው ላይ የወጣውን ጭቃ አየ። አንድ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ "ትሄዳላችሁ?" አላቸው። ሁለቱም አልመለሱለትም። "ተጣልታችኋል ማለት ነው፤ ስትታረቁ ጥሩኝ!" ብሎ ሄደ።

"ስምህን ልንገራቸው?" አለች ኸይሪያ።

"ስሚኝ... ለውጭ ሥራ ተወዳድሬ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ልሂድ ልቅር በቅርቡ ይለይልኛል። ዛሬ ሽማግሌ ልኬ ነገ ብሄድ በአባትሽ ቃል መጫወት አይሆንም?"

"አልልክም ነው የምትለው?"

"እሱን አላልኩም።"

"እልካለሁ ነው?"

"ኸይሪ፣ እወድሻለሁ እኮ።"

"እሱንማ ሰምቻለሁ። ኢርፎኑ ጥራት አለው።"

ሊይዛት እጁን ዘረጋ። አልሸሸችም፤ እጁ ራሱ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ኸይሪያ ያቺን በአየር ላይ የቀረች እጅ አየችና ትናንት ጀምራ ያልጨረሰችውን ለቅሶ እዚያው በዝናቡ ውስጥ አለቀሰችው። ወደ ቤቷ ስትመለስ ብርድ አልተሰማትም። የተሰማት ኀፍረት ነው፤ ሰው እየለመነች እንደቆየች ያን ጊዜ ገባት።

*

ለቀናት ጠበቀችው። አንድም ቮይስ አልመጣም። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ጋሽ አብዱልጀባር ለእሷ ለራሷ ሠርግ ነጭ ጨርቅ ሲለኩ አየቻቸው። ክንዳቸውን ዘርግተው አንድ ለኩ፤ ትንሽ አሰቡና ጨመሩበት። ያ ጭማሪ አንጀቷን በላው።

"አባባ፣ አርብ ዕለት የተጠየቅኩትን አልሰማሁም።"

ሳቁ። "እናትሽም በጊዜዋ አልሰማሁም ብላኝ ነበር። አይዞሽ፣ ኀፍረት ነው።"

"ኀፍረት አይደለም።"

እጇን ወደ ማጅራቷ ሰደደች። መርፌ ቁልፉን ፈታች፤ መጠቅለያዋን ከነገመዷ ነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጠቻት። ጋሽ አብዱልጀባር ጎማዋን አንሥተው አገላበጧት።

"ይሄ የእኛው ሱቅ ዕቃ ነው" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም ሁሉም ነገር በአንዴ ገባቸው። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። "የማን ድምፅ ነው?"

"የሰሚር።"

"የባለ ብዙ ጆሮው?"

አልሳቁም። ሰው ልከው ሐጂ ሰላሐዲንን አስጠሩ፤ ወይዘሮ ሙስሊማም መጡ። ክርክሩ ተነሣ።

"መልሳለች!" አሉ እናቷ። "እንባዋን በዓይኔ አይቻለሁ። አፍ ይዋሻል፣ እንባ አይዋሽም!"

"አልመለሰችም" አሉ ሐጂ። "ያልሰማ ጆሮ ምን ይመልሳል? ኒካህ በግምት አይታሰርም።"

ጋሽ አብዱልጀባር መጠቅለያዋን ነጩ ጨርቅ ላይ መልሰው አስቀመጡ። "ጥያቄው ሳይደርሳት ከቀረ ጥፋቱ የጠያቂው ነው። ከመጋረጃ ወዲያ ቆመን 'ልጄ እሺ ብላለች' ብዬ ለሰው ቃሌን ሰጠሁ። ልጄ ግን እዚያ አልነበረችም።"

"አባባ" አለች ኸይሪያ፣ "እኔ መልሻለሁ። ለሌላ ጥያቄ ነበር እንጂ።"

እናቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አባቷ ግን ቀና ብለው አይዋት፤ በዕድሜዋ እንደዚያ አይተዋት አያውቁም።

"ለዋጫ ሰዎች እልካለሁ። 'ልጄ እንደገና ትጠየቃለች፤ አይሆንም ካለች አትቀየሙኝ' እላለሁ። ይህ ይከብደኛል፤ ግን እችለዋለሁ። ያ ልጅ ደግሞ ድምፅ ብቻ አይደለም፣ እግርም አለው። የልብስ ሰፊ ልጅ ነው ብዬ የምመልሰው ከመሰለው አያውቀኝም፤ አባቱን አውቃቸው ነበር፣ የሰፉት አይተረተርም። እሁድ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በፊት አንድ ሰው ይላክ። አንድ! በሬ ክፍት ነው።"

ኸይሪያ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል በእጃቸው ከለከሏት። "ቆይ" አሉ። "ገና አልመጣም።"

ያን ማታ ለሰሚር ጻፈችለት። ድምፅ አልላከችም፤ ድምፅ ጠልታ ነበር። "ሁሉን ነግሬያቸዋለሁ። አባባ እሁድ ከዙህር በፊት አንድ ሰው ብቻ ላክ ብለዋል። ይቀበሉሃል።"

"ገባኝ" ብሎ መለሰላት።

እሷም ያቺን አንዲት ቃል እስከ እሁድ ድረስ አነበበቻት። ጠዋት ስታነባት እመጣለሁ ትላለች፤ ማታ ስታነባት ምንም አትልም።

*

እሁድ የውጭው በር ከማለዳ ጀምሮ ወለል ብሎ ተከፈተ። ዝናቡ ጭቃውን እስከ በረንዳው ይረጨዋል፤ ወይዘሮ ሙስሊማ ሊዘጉት ሲነሡ ጋሽ አብዱልጀባር "ተይው" ይላሉ። በበሩ ትክክል ተቀምጠዋል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንገታቸው ቀና ይላል። ኸይሪያ ይህን በመስኮት ታያለች። አባቷ የእሷን ሰው ከእሷ ባልተናነሰ እየጠበቁ መሆናቸውን ስታይ ሰሚርን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀየመችው።

አንዴ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ኸይሪያ ሻሿን አስተካከለች። መንገድ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

የዋጫ ሰዎች መኪና ቀጥሎ ደረሰ። አብዱልሃኪም ራሱ መጥቷል፤ ግቢው ውስጥ ሳይገባ ከውጭ ሰላምታ ሰጥቶ "እኔ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ፤ እኔን እያየች አትጠየቅ" አለ።

የዙህር አዛን ተሰማ። ጋሽ አብዱልጀባር ትንሽ ቆዩ፤ ከሰላት በኋላም ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ተነሡ፤ በሩን ግን አልዘጉትም።

ሐጂ ሰላሐዲን ከመጋረጃው ወዲያ ቆሙ። "ልጄ፣ ሻሽሽን ገለጥ አድርገሽ ለእናትሽ አሳዪያት" አሉ። ሻሿን ገለጠች። ወይዘሮ ሙስሊማ ጆሮዎቿን አይተው በጣታቸው ነካኳቸው፤ ትንሽ ልጅ ሳለች ገላዋን ሲያጥቧት ያደርጉት እንደነበረው። "ባዶ ነው" አሉና ወጡ።

"ኸይሪያ፣ አብዱልሃኪም ለትዳር ጠይቆሻል። ለኒካሁ ወኪል እንድሆንሽ ትፈቅጃለሽ? የልብሽን ተናገሪ። አይሆንም ብትይ ዛሬ ማንም አይቆጣሽም።"

እያንዳንዱ ቃል ደረሳት። የሐጂን ትንፋሽ፣ የአንዱን ምስክር ሳል፣ የዝናቡን ጠብታ ሳይቀር ሰማች።

"ሐጂ፣ አንድ ጊዜ ቆዩኝ" አለች።

ስልኳን አወጣች። ሁለት ጊዜ ተሳስታ አረመችው።

"አሁን ከመጋረጃው ወዲያ ቆመው እየጠየቁኝ ነው። እየሰማሁ ነው። ምን ልበል?"

ላከችው። ወዲያው ሁለቱ ምልክቶች ታዩ፤ አንብቦታል። ስልኩ እጁ ላይ ነው ማለት ነው። እየጻፈ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ብቅ አለ። ምልክቱ ጠፋ። ተመልሶ መጣ። ጠፋ።

"ልጄ?" አሉ ሐጂ። ሁለተኛውን ጠየቁ።

ምልክቱ አንድ ጊዜ ብቅ አለና እንደገና ጠፋ። በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሲጽፍ፣ ሲያጠፋ። አዘነችለት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነበር፤ በዚያች ሰዓት እንኳ አዘነችለት።

ሐጂ ሦስተኛውን ጠየቁ። ድምፃቸው አልጠነከረም፣ አልቸኮለም። ከመጋረጃው ወዲያ ሦስት ሰዎች መልሷን ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከግቢው ውጭ ደግሞ አንድ ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል።

"እሺ" አለች ኸይሪያ።

አላቀረቀረችም፣ አላለቀሰችም። ቃሉን በረንዳው ላይ የነበሩት ሁሉ ሰሙት። ጋሽ አብዱልጀባር እልልታው ሳይነሣ በፊት ፊታቸውን ወደ ክፍቱ በር አዞሩ፤ የልጃቸው ድምፅ እንዴት እንደወጣ የገባቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሴቶቹ ሲገቡ ስልኩ ፍራሹ ላይ ቀረ። መልእክቱ ከእነ ሁለት ምልክቱ እዚያው አለ። ከሥሩ ያለው ቦታ ነጭ ነው። ያን ዕለት አልተሞላም፤ ከዚያም ወዲያ አልተሞላም።